የማርማላታው ክዳን

አጎቴ ሐኪም አልነበረም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ እሱ ባለበት ይህችን እውነት ከአፉ ያወጣ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው። የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ ካርቶን ያስወርዳል፣ ካርቶን ያስጭናል፣ ሲመሽ በሩን ቆልፎ ወደ ቤቱ ይመጣል። ነጭ ጋዋን ግን ይለብስ ነበር። ጋዋኑን ማንም አልሰጠውም፤ "ከአቧራ ይከልለኛል" ብሎ ያሰፋው ራሱ ነው፤ የሰፋችለት ደግሞ እናቴ ናት። እናቴ በገዛ የስፌት መኪናዋ ሰፍታ ያለበሰችውን ሐኪም ቀና ብላ ማየት ትፈራ ነበር።

ሰፈሩ "ሐኪሙ" ይለዋል። እኛ "ጋሼ ሐኪሙ" እንለዋለን። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ "እስቲ ምላስህን" ይላል፣ ምላሱን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ለእሱ የሰው ልጅ በሽታ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ትል እና ሞልቃቃነት። ሰባት ዓመቴ ነበርና አምነው ነበር። ማመን ብቻ አይደለም፤ ሳድግ እንደሱ ልሆን እመኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የምንኖረው በእሱ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ወር ሙሉ መንገድ ላይ ይከርማል። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሥራ ሲበዛባት ከመኪናዋ ላይ ስለማትነሳ፣ ወንድሜን የማዝለው፣ የማጫውተው፣ የሽንት ጨርቁን የምቀይረው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ያኔ ዘጠኝ ወሩ ነው። ክብ ብሎ የተሞላ ልጅ ስለነበር "ዱባ" እንለዋለን።

አባቴ ከአንዱ መንገድ ሲመለስ አንድ ጠርሙስ የእንጆሪ ማርማላታ ይዞልን መጣ። እሱ ተመልሶ መንገድ ሲወጣ እናቴ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችውና "አባታችሁ ሲመጣ አብረን እንከፍተዋለን" አለች። እኔ አባቴን የምወደው ቢሆንም እስኪመጣ የሚጠብቅ ሆድ አልነበረኝም። አንድ ማክሰኞ፣ እናቴ የዩኒፎርም ቁልፍ ልትገዛ ወጣ ስትል፣ የስፌት መኪናውን በርጩማ አስጠግቼ ወጣሁ። ክዳኑ ወርቃማ ነው፤ ላዩ ላይ ክብ አለ፣ ክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ እሱም ውስጥ ሌላ ክብ። ከፈትኩት። ሁለቴ በጣቴ ላስኩ። ዱባ መሬት ተቀምጦ አንጋጦ ሲያየኝ አንጀቴን በላውና ለእሱም አንድ ማንኪያ ሰጠሁት። አፉን እያጣጣመ ሳቀ። ጠርሙሱን ጠርጌ፣ ከድኜ፣ ቦታው መለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ዱባ ጮኸ።

ልጅ ሲያለቅስ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ልቅሶ አልነበረም። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ እንደተወጋ ሰው ነው የጮኸው። ጥቂት ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። እናቴ እቅፍ ውስጥ ምንም እንዳልነካው ልጅ ተኛ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየ ደግሞ ጮኸ። ከዚያ አስመለሰው። እንዲህ እያለ ዋለ፤ መጮህ፣ መተኛት፣ መጮህ።

በማግስቱ ጨርቁን ስፈታ ክው አልኩ። ቀይ ነው። ቀይ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ረጋ ያለ። ማርማላታው እንዳለ ወጥቷል! እናቴ ካየችው አለቀልኝ። ጨርቁን ጠቅልዬ ከስፌት መኪናው ሥር ካለው የቁርጥራጭ ጆንያ ውስጥ፣ ከዩኒፎርም ቅዳጁ መሃል ቀበርኩት። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው መጣ። እሱንም ቀበርኩት። አንድ ማንኪያ ይህን ያህል መሆኑ ገርሞኝ ነበር።

ጋሼ ሐኪሙ ከነጋዋኑ መጣ። የዱባን ምላስ አየና "ትል ነው" አለ። ዘይት አሙቆ ሆዱን በሁለት አውራ ጣቱ አሸው። ከኪሱ አንድ ሽሮፕ አውጥቶ በማንኪያ አጠጣው፤ ዱባ ወዲያው ጋዋኑ ላይ መለሰለት።

"ሐኪም ቤት ልውሰደው እንዴ?" አለች እናቴ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ።

"እኔ ምን ሆኜ ነው?"

"አይ፣ እንዲያው ብቻ..."

"በትል ሐኪም ቤት ይኬዳል? ሰው ይስቅብናል እኮ! ይኸው ተኝቷል፣ አየሽው? ሽሮፑ ሠራ ማለት ነው።"

ዱባ የተኛው ሕመሙ ለጊዜው ለቆት ነው። ያ ዓይነት ሕመም እየመጣ እየሄደ ነው የሚገድለው። ይህን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ጋሼ ሐኪሙ ጣቱን እያሻሸ ሲወጣ በኩራት በር ድረስ ሸኘሁት።

ሐሙስ ጠዋት ዱባ መጮህ ተወ። ስጠራው ዓይኑን ከፈት አድርጎ መልሶ ይከድናል። እናቴ አየችው። መቀሷን አስቀመጠች፣ ግማሹ የተሰፋ ኮሌታ መርፌው ሥር እንደተያዘ ተወችው፣ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣች። በሕይወቷ ካደረገቻቸው ደፋር ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ይመስለኛል። እኔ ተከትያት ሮጥኩ። አጎቴም ጋዋኑን እየቆለፈ ደረሰብን።

"ያለ እኔ ምን ብለሽ ልታስረጂ ነው? አነጋገሩን ታውቂበታለሽ?"

ሆስፒታሉ ውስጥ አነጋገሩን ያወቀበት እሱ ነበር። ወጣቱ ሐኪም እናቴን በጠየቀ ቁጥር መላሹ አጎቴ ነው። ማስመለስ? "ሽሮፑን ነው የመለሰው።" ትኩሳት? "እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።" ሰገራው? "ደህና። የተለመደው።" በዕድሜው አንዲት የሽንት ጨርቅ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው ይህን የሚለው። ዱባ በዚያች ሰዓት ጭልጥ ብሎ ተኝቶ ነበር፤ ቢያዩት የተኛ ልጅ ነው። ወጣቱ ሐኪም ግን ሆዱን ዳሰሰ፣ ቀኝ ጎኑ ላይ እጁን አቆየ፣ ፊቱን አኮሳተረ። "አልትራሳውንድ ይታይልኝ" ብሎ ወረቀት ጻፈ።

አጎቴ ሳቀ። "ዶክተር፣ አልትራሳውንድ እኮ የነፍሰ ጡር ነው!"

እኔም ደነገጥኩ። እናቴ ዱባን አርግዛ ሳለች አብሬያት ሄጄ በዚያ መሣሪያ አይቼዋለሁ። እንግዲህ ዱባ ሆድ ውስጥ ማን ሊታይ ነው? ወንድ ልጅ፣ ያውም በዘጠኝ ወሩ! ኮሪደሩን እስክንጨርስ ድረስ ነገሩ ሲከነክነኝ ነበር።

የአልትራሳውንዱ ክፍል ጠባብ ነው። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፣ አልጋው ላይ ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል፣ ጥግ ላይ አንድ ሳፋ ሙቅ ውሃ ውስጥ የጄል ጠርሙስ ቆሟል። ባለሙያዋ አጭር ሴት ናት። ከጋዋኗ በላይ ክርኑ የሳሳ ግራጫ ሹራብ ደርባለች። ሳያት ናቅኳት። አንድ እስክሪብቶ እንኳ የላትም፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ የማንንም ምላስ አላየችም። መናቅን የተማርኩት ከአጎቴ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

"በጀርባው አስተኚልኝ፣ እህቴ" አለቻት እናቴን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "አንቺ ራስጌው ቁሚና አጫውቺው። የሚያውቀው ፊት ይይ" አለች።

ጄሉን ከሙቅ ውሃው አውጥታ መጀመሪያ የራሷ ክንድ ላይ ሞከረችው፣ ከዚያ ሆዱ ላይ አደረገች። መፈተሻውን ከቀኝ ጎኑ ታች አስቀምጣ ቀስ እያለች ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራ ወሰደችው፤ ሆዱን ጫን ለቀቅ እያደረገች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ይተራመሳል። አጎቴ ከኋላዋ ገብቶ ጣቱን ቀሰረ።

"ያውና! ያውና ሲንቀሳቀስ! አላልኳችሁም? ትል ነው!"

እሷ ዞር አላለችም። "የሚንቀሳቀሰው ደህናው አንጀት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የማይንቀሳቀሰው ነው።"

"ለመሆኑ ስንት ዓመት ሠርተሻል አንቺ?"

"ትንሽ ፈንጠር ይበሉልኝ፣ ጋሼ። ስክሪኑን ከለሉብኝ።"

ሰው አጎቴን "ፈንጠር በል" ሲለው የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ቆሽቴ አረረ። ወዲያው ደግሞ ዱባ ነቅቶ ጮኸ፤ ጉልበቱን ሰበሰበ፤ እሷ ግን መፈተሻውን አላነሳችም። እንዲያውም ጸጥ ብላ እዚያው ያዘችው። ያስጮኸችው እሷ መሰለችኝ። ልነክሳት ሁሉ አስቤ ነበር። ሕመሙ እስኪመጣ ስትጠብቅ እንደነበር፣ ሲመጣ የት ጋ እንደሚቋጠር ማየት እንደፈለገች ማን ይንገረኝ?

ያኔ ስክሪኑ ላይ ክብ ወጣ። ክቡ ውስጥ ሌላ ክብ። እሱም ውስጥ ሌላ።

ምስሉን አቆመችው። ጠርዝና ጠርዙ ላይ ሁለት ትንንሽ መስቀሎች አስቀምጣ ለካች። ክዳኑ ነው! የማርማላታው ክዳን ዱባ ሆድ ውስጥ ሆኖ ለሁሉም እየታየ ነው።

"ሰገራው እንዴት ነው?" ስትል ጠየቀች።

"ደህና ነው ተብሏል እኮ!" አለ አጎቴ።

"እናቱን ነው የጠየቅኩት።"

እናቴ ተንተባተበች። "እኔ... ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ጨርቁን የምትቀይረው እሷ ናት።"

ባለ ሹራቧ ሴት ዞራ አየችኝ። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው እኔን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

"አንቺ ነሽ የምትቀይሪው? ምን ምን ነበረው ጨርቁ ላይ?"

"ማርማላታ!" ብዬ እሪ አልኩ። "አንድ ማንኪያ ብቻ ነው የሰጠሁት! ሌላውን አልነካሁም! እንዳለ ወጣ፣ ቀይ ሆኖ! ደበቅኩት!"

አልሳቀችም። "ቀይ? የሚያጣብቅ?"

"አዎ።"

"ስንት ጨርቅ?"

"ሁለት። ጆንያ ውስጥ ናቸው።"

"መቼ?"

"ትላንት።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። ስልኩን አንስታ ለቀዶ ሐኪሞቹ በዚያችው በማትሰማ ድምፅዋ ተናገረች። "አንጀት አንጀት ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛ ቀኑን አልፏል። ደም አለው። አሁኑኑ ውረዱ።" ደም አለው ማለቷ አልገባኝም። ደም የሌለው ሰው አለ እንዴ?

የገባኝ የአጎቴ ነበር። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። "ማርማላታ! ለዘጠኝ ወር ልጅ ማርማላታ! ልጁን የገደለችው ይቺ ናት በሉኛ! እኔ ከየት ልወቀው? ደብቃኝ! ጨርቅ ደብቃኝ!" ፊቱ ላይ የነበረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቁጣ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፤ እፎይታ ነበር።

ዱባን ይዘውት ሄዱ። በበሩ መስታወት ሳይ፣ ባለ ሹራቧ ሴት ኮሪደሩ ላይ የእናቴን ክንድ ይዛ ትነግራታለች። ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። እናቴ ዞራ አየችኝና መሐረቧን አፏ ላይ ጫነች። ስለ ቅጣቴ እየተማከሩ ነበር፣ በእኔ ቤት።

መጀመሪያ በዚያው መሣሪያ እያዩ በቀጭን ቱቦ በተላከ የጨው ውሃ አንጀቱን ገፍተው ሊመልሱት ሞከሩ። ግማሽ መንገድ ተመልሶ እምቢ አለ፤ ብዙ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ ቀደዱት። ስንዝር የማትሞላ አንጀት ቆርጠው አወጡ። ዱባ ተረፈ።

አጎቴ ግን ከዱባ ቀድሞ አገገመ። በዚያው ሳምንት ማርማላታው ትሉን ቀስቅሶት ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማርማላታው አንጀቱን እንደ ሙጫ አጣብቆት ነበር፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ክቡን ያየው እሱ ራሱ ሆኖ አረፈው። ሴትዮዋ ከወሬው ውስጥ ጠፋች። እኔ ግን አልጠፋሁም። ስሜ "ማርማላታ" ሆነ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "ይቺን ታዩዋታላችሁ?" ብሎ ይጀምራል፣ ዱባ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ያሳያል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ዱባ ሆዱን በያዘ ቁጥር ግን ትንፋሼ ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማርማላታ አፌ አልገባም። ያኔ የተረፈው ጠርሙስ የት እንደደረሰ እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

በሃያ አራት ዓመቴ አብራኝ ለምትኖር ነርስ እንደ ቀልድ አወራሁላት። ፀጉሯን ታበጥር ነበር፤ ማበጠሪያው እጇ ላይ ቀረ።

"አንቺ፣ ያ እኮ ደም ነው" አለችኝ። "ደምና ንፍጥ። አንጀት እንደ ሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ ሲተጣጠፍ እንደዚያ ይወጣል። እኛም ስንማር 'ማርማላታ የመሰለ' እያልን ነው የተማርነው። አንድ ማንኪያ ማርማላታ ምን ያደርጋል? ይልቅ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዱን እያሸ ያቆየው ማነው?"

ማን እንደሆነ ነገርኳት። ለእሷ ብቻ። ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እውነቱን እያወቅኩ አጎቴ ሲያወራ ከሰው ጋር ሳቅሁ። አጎቴን ስንቀው ራሴን የምዘል እንዳይመስላችሁ።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ እናቴ ቤት ምሳ በላን። አጎቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ጋዋኑ የለም፣ ድምፁ አለ። ዱባ የሁለት ሜትር ሰው ሆኖ ዘጠኝ ወር የሞላት ልጅ ይዞ መጥቷል። ምሳው ተነስቶ ሻይ፣ ዳቦና ማርማላታ ቀርቧል። የስድስት ዓመት ልጄ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጥግ ላይ ትጫወታለች።

"ይቺን ታዩዋታላችሁ?" አለ አጎቴ።

ጀመረ። ትሉ፣ ሙጫው፣ ስክሪኑ። "እኔ ባልደርስ ኖሮ በአንድ ማንኪያ ማርማላታ ወንድሟን ገድላው ነበር!" ሲል ሁሉም ሳቀ። ዱባ ሸሚዙን ገለጠ።

ዓይኔ ልጄ ላይ ነበር። አልሳቀችም። የሕፃኗን ከንፈር በእጅጌዋ እየጠረገች ነው፤ ቶሎ ቶሎ። ከዚያ ቀይ የነካውን ማንኪያ ቀስ ብላ ጭኗ ሥር ከተተች። ያንን እጅ አውቀዋለሁ።

"ማርማላታ አይደለም" አልኩ።

"ምን?"

"ደም ነበር፣ ጋሼ። ልጁ ከማክሰኞ ጀምሮ አንጀቱ ተጣጥፎ ነበር። እርስዎ ዘይት እያሹ ሁለት ቀን አቆዩት። ያየችው ሴትዮዋ ናት።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?"

"እርስዎስ መቼ ሆኑ?"

አጎቴ ወደ እናቴ ዞረ፤ እንደ ድሮው እሷ ዓይኗን መሬት ላይ እንድታደርግለት። እናቴ ቀና ብላ አየችው።

"እውነቷን ነው" አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ያቺ ሴትዮ ያኔውኑ ነግራኛለች። ኮሪደሩ ላይ። 'ለልጅቷ ንገሪያት፤ ማርማላታው አይደለም። እሷ ባትናገር ደሙን አናውቅም ነበር፤ ወንድሟን ያዳነችው እሷ ናት በያት' አለችኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?"

"በእሱ ግቢ ነበራ የምንኖረው። አባትሽ የለ። ጥፋቱ ካንቺ ላይ ሲነሳ ማን ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ።" የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። "ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ ነው።"

ልንቃት ሞከርኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተለማመድኩበት ነገር ነው፣ ግን ለእሷ እምቢ አለኝ። አለቀስኩ።

"ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ" አለ አጎቴ፣ ለማንም። ያለው ይህን ብቻ ነው። ማንም አልቀዳለትም።

ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ማንኪያውን ከኋላዋ ይዛዋለች።

"እማዬ፣ ትንሽ ነው የሰጠኋት። አትሞትም?"

"አትሞትም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ማንኪያውን ተቀበልኳትና የቀረውን ላስኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር አፌ ውስጥ ሟሟ። ስኳር ነው። ትንሽ የእንጆሪ ፍሬ አለበት፤ ሌላ ምንም የለውም።